መድኃኒቱን እየዋጥኩ እጄ ለምን ደከመ? ከሥጋ ደዌ የነርቭ ብግነት የተማርኩት

ይህን የምጽፈው የሥጋ ደዌ መድኃኒት ጀምረው ወይም ጨርሰው ሳለ እጃቸው ወይም እግራቸው ሲደክም ግራ ለሚገባቸው ሰዎችና ለቤተሰቦቻቸው ነው። ሰሜን ሸዋ፣ መንዝ ውስጥ የባዮሎጂ መምህር ነኝ። ስለ ነርቭና ስለ ሽፋኑ ለዓመታት በጥቁር ሰሌዳ ላይ እየሣልኩ አስተምሬአለሁ። የራሴ ክንድ ነርቭ ሲያብጥ ግን ሳልታከም ሰባት ሳምንት ቆየሁ። እነዚያን ሰባት ሳምንታት ሌላ ሰው እንዳያባክናቸው እፈልጋለሁ።

የመጀመሪያው ስህተት ከዚያም በፊት የተሠራ ነው። ጀርባዬና ክንዴ ላይ ከቆዳዬ ነጣ ያሉ ጠቃጠቆዎች ወጥተው ነበር፤ አያሳክኩም፣ አያሙም። ቋቁቻ ነው ብዬ ቅባት ስቀባ ሁለት ዓመት አለፈ። መለያው ቀላል ነው። ቋቁቻ የቆዳን ስሜት አይወስድም፤ ሥጋ ደዌ ግን ይወስዳል። የጥጥ ጫፍ ቀጭን አድርጋችሁ አሹሉ፣ የታመመው ሰው ዓይኑን ይጨፍን፣ ጥጡን አንዴ በጤነኛው ቆዳ አንዴ በነጣው ላይ ሳትጎትቱ ንኩ፣ የተነካበትን ቦታ በጣቱ ያሳይ። ነጣው ላይ ደጋግሞ ከሳተ ነገ ሳይሉ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው። ጠቃጠቆው እስከ አምስት ከሆነ ሕክምናው 6 ወር፣ ከአምስት ከበለጠ 12 ወር ይፈጃል። የእኔ ከአምስት በላይ ስለነበር የ12 ወሩ ተጀመረልኝ፦ በወር አንድ ቀን በጤና ባለሙያ ፊት ሪፋምፒሲን 600 ሚሊ ግራምና ክሎፋዚሚን 300 ሚሊ ግራም፣ በየቀኑ ደግሞ ቤት ውስጥ ዳፕሶን 100 እና ክሎፋዚሚን 50 ሚሊ ግራም። መድኃኒቱ በነጻ ነው። ሽንት ቢቀላ የሪፋምፒሲን፣ ቆዳ ቢጠቁር የክሎፋዚሚን ነው፤ ሁለቱም ያልፋሉ። ሕክምናው ከተጀመረ በኋላ ሰው ከሰው የሚያስተላልፍበት ኃይል ወዲያው ስለሚከስም ሥራዬን አላቋረጥኩም። እናንተም ማቋረጥ የለባችሁም።

በአራተኛው ወር፣ በኅዳር ውርጭ፣ ቀኝ ክርኔ በውስጥ በኩል ያመኝ ጀመር። ሌሊት ይብሳል። ትንሿ ጣቴና ጎረቤቷ ይደነዝዛሉ። ከዚያ ጠመኔ ስይዝ ከጣቶቼ መካከል መንሸራተት ጀመረ። በአገራችን እንዲህ ያለ ነገር ሦስት ስም አለው፦ ብርድ፣ ቁርጥማት፣ ጅማት መዞር። ሦስቱንም ሞከርኳቸው። ለብርዱ ክርኔን በባና ጠቅልዬ ምድጃ ዳር ተቀመጥኩ። ለቁርጥማቱ የሕመም ማስታገሻ ዋጥኩ። ለጅማቱ ወጌሻ ዘንድ ሄድኩ፤ ሽማግሌው በቅንነት «ልጄ፣ ጅማትህ ዞሮ ነው» ብለው በቅቤ አሹኝ። በማግሥቱ ትንሿን ጣቴን ከሌሎቹ አርቄ መዘርጋት አቃተኝ። ያበጠ ነርቭ በጭራሽ መታሸት የለበትም። ምክንያቱ ወደ ታች አለ።

ከሁሉም የከፋው ስህተት ግን በራሴ ጭንቅላት የተሠራ ነው፤ «መድኃኒቱን እየወሰድኩ ነው፣ ስለዚህ በሽታው እየለቀቀኝ ነው፤ ይህ ሌላ ነገር ነው» አልኩ። ብዙ ሰው ደግሞ በተቃራኒው «መድኃኒቱ ነው የጎዳኝ» ብሎ ያቆመዋል። ሁለቱም ሐሳብ እጅ ያሳጣል። ለምን እንደሆነ ዘርዘር ላድርገው፤ ምክንያቱ የገባው ሰው አይዘገይም።

ከአንጎልና ከአከርካሪ ውጪ ያሉ ነርቮች ብቻቸውን አይኖሩም። እያንዳንዱን የነርቭ ክር ሽዋን ሴል የሚባሉ ሴሎች ይንከባከቡታል። ስማቸውን ያገኙት በ1839 ስለ እነርሱ ከጻፈው ከጀርመናዊው ቴዎዶር ሽዋን ነው። ወፍራም በሆኑት ክሮች ላይ እያንዳንዱ ሽዋን ሴል አንድ ሚሊ ሜትር የማይሞላ ወይም እሱን የሚያህል ቁራጭ ይዞ፣ የራሱን ሽፋን ፈትል በእንዝርት ላይ እንደሚጠቀለል ደጋግሞ ይጠቀልልበታል። ያ ጥቅል ማይሊን ነው። በአንዱ ጥቅልና በሚቀጥለው መካከል ትንሽ ክፍተት ይቀራል፤ መልእክቱም ከክፍተት ወደ ክፍተት እየዘለለ ይሮጣል። በጤነኛ ክንድ ፍጥነቱ በሰከንድ ከ50 ሜትር ያልፋል። ማይሊን የሌላቸው ቀጫጭን ክሮች ግን በሰከንድ አንድ ሜትር ገደማ ነው የሚያስኬዱት። እነዚህንም ቢሆን ሽዋን ሴል አቅፎ ይይዛቸዋል።

የሥጋ ደዌ ባክቴሪያ የሚኖረው እዚህ ሴል ውስጥ ነው። በ1873 ኖርዌያዊው አርማወር ሃንሰን ያገኘው ይህ ባክቴሪያ በሽዋን ሴል ዙሪያ ያለውን ላሚኒን የተባለ ፕሮቲን ይዞ ይጣበቃል፣ ቀስ ብሎም ይገባል። እጅግ ዝግተኛ ነው፤ ለሁለት ለመከፈል ሁለት ሳምንት ገደማ ይፈጅበታል። ከሰውነት ማእከል ሙቀት ይልቅ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ይወዳል። ስለዚህ የሚመርጣቸው ነርቮች ለቆዳ ቀረብ ያሉት ናቸው፦ ክርን ላይ፣ የእጅ አንጓ ላይ፣ ከጉልበት በታች በውጭ በኩል፣ ከቁርጭምጭሚት ኋላ፣ ፊት ላይ። ይህ ማለት የመንዝ ብርድ በሽታውን ያመጣል ማለት አይደለም፤ ቆላ ሸዋ ሮቢትም ደጋ መሐል ሜዳም ያው ነው።

ባክቴሪያው ለዓመታት ሽዋን ሴል ውስጥ ተደብቆ ሲቆይ የሰውነት መከላከያ ብዙም አያየውም። ከዚያ አንድ ቀን ያየዋል። ይህ ብዙ ጊዜ የሚሆነው ሕክምና በተጀመረ በመጀመሪያዎቹ ወራት ነው፤ መድኃኒቱ ባክቴሪያውን ሲገድል ስብርባሪው ይበዛል፣ የተኛው መከላከያም ይነቃል። ሽዋን ሴሉ የባክቴሪያውን ቁራጭ በላዩ ላይ አውጥቶ ያሳያል፤ ነጭ የደም ሴሎች ደግሞ ያንን ሴል እንደ ጠላት ይቆጥሩታል። የሚለቋቸው ኬሚካሎች የተያዘውን ሴል ብቻ ለይተው አይጎዱም፤ ጎረቤቱ ያለውን ጤነኛ ሽዋን ሴልም ያቆስላሉ። ማይሊኑ ይፈታል፣ መልእክቱ መዝለያ ያጣል፣ ይዘገያል፣ ይቆማል። ሪአክሽን የሚሉት ይህን ብግነት ነው። መድኃኒቱ አልከሸፈም፤ በሽታውም አላገረሸም።

ሁለተኛ ጉዳት አለ፤ ወጌሻው ዘንድ የደረሰብኝም እርሱ ነው። የነርቭ ክሮች በእሽግ ተጠቅልለዋል፤ የእሽጉ ልባስ ጠንካራ ነው፣ እንደ ቆዳ አይለጠጥም። ውስጡ ሲያብጥ መውጫ የለውም፣ ስለዚህ ክሮቹን የሚመግቡትን ደም ሥሮች ይጨምቃቸዋል። ክርን ላይ ደግሞ ነርቩ በአጥንትና በጅማት መካከል ባለ ጠባብ መተላለፊያ ነው የሚያልፈው። እዚያ ላይ በአውራ ጣት መጫን የቀረችውንም ደም መዝጋት ነው።

ለእኔ መዞሪያው ወርኃዊው ቀጠሮ ሆነ። መድኃኒት የምትሰጠኝ ነርስ እጄን ሳታይ አትለቀኝም ነበር፤ ያን ቀን ግን በሐፍረት እጄን ከጋቢዬ አላወጣሁም። «መምህር፣ እጅዎን ያሳዩኝ እንጂ!» አለችኝ። ትንሿን ጣቴን ወደ ውጭ እንድገፋ አዝዛ በአንድ ጣቷ ተጫነቻት፤ ወዲያው ተመለሰች። ባለፈው ወር ጠንካራ ተብሎ ተጽፏል። ከዚያ ዓይኔን አስጨፍና በእስክሪብቶ ጫፍ መዳፌን ነካካች። ከትንሿ ጣት ሥር ሦስት ጊዜ ነክታኝ አንዱንም አላወቅሁም። ያን ቀን ፕሬድኒሶሎን የተባለ፣ ብግነት የሚያበርድ ስቴሮይድ ታዘዘልኝ።

የሰባት ሳምንት መዘግየት ምን ማለት እንደሆነ በኋላ ገባኝ። ሕክምናው ከድካሙ መጀመሪያ በስድስት ወር ውስጥ መጀመር አለበት፤ በሳምንታት ውስጥ ሲሆን ደግሞ ይበልጥ ይሠራል። በማዕከላዊ ኢትዮጵያ በአዲስ አበባው አለርት ሆስፒታል አማካይነት 594 ሕሙማንን እስከ አሥር ዓመት የተከታተለ ጥናት ነበር። ሕክምና ሲጀምሩ ጉዳት ባልነበረባቸው ሰዎች ላይ በኋላ የመጣ አዲስ የነርቭ ጉዳት በስቴሮይድ ሲታከም ከነርቮቹ 88 በመቶው ሙሉ በሙሉ ሲያገግሙ፣ የቆየ ወይም የተደጋገመ ጉዳት የነበረባቸው ግን 51 በመቶ ብቻ ነበሩ። ይህን ቁጥር ለሚጠራጠር ሰው ሁሉ እነግረዋለሁ።

ፕሬድኒሶሎን ብግነቱን ነው የሚያበርደው፤ ባክቴሪያውን አይነካም። ስለዚህ የሥጋ ደዌው መድኃኒት ሳይቋረጥ ጎን ለጎን ይወሰዳል። ለእኔ በቀን 40 ሚሊ ግራም ተጀመረ፤ ይህም ባለ 5ቱ ኪኒን ስምንት ፍሬ፣ ጠዋት በአንድ ጊዜ፣ ከምግብ በኋላ ነው። በየሁለት ሳምንቱ 5 እየተቀነሰ 20 ላይ ሲደርስ ስድስት ሳምንት ቆየ፣ ከዚያ እንደገና በየሁለት ሳምንቱ እየተቀነሰ በድምሩ 20 ሳምንት ወሰደ። የእናንተ መጠን በክብደታችሁና በሐኪማችሁ ይወሰናል፤ የእኔን አትቅዱ።

ከመጀመራችሁ በፊት ግን አራት ነገር ይጠየቅላችሁ። ሳል፣ ማታ ማታ ላብና መክሳት ካለ ቲቢ መኖሩ ይጣራ፣ ስቴሮይድ የተኛ ቲቢን ይቀሰቅሳልና። ስኳርና የደም ግፊት ይለኩ። የአንጀት ትል መድኃኒት አስቀድሞ ይሰጥ፤ ለእኔ አልቤንዳዞል 400 ሚሊ ግራም ለሦስት ቀን ተሰጠኝ፣ አንዳንድ ትል በስቴሮይድ ሥር መላ ሰውነት ውስጥ ይባዛልና። የጨጓራ ሕመም ካለባችሁ ደግሞ ንገሩ። እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልበል፦ ከመድኃኒት መደብር ያለ ትእዛዝ የሚገዛው ዴክሳ የተባለ ስቴሮይድ ለሁለት ሦስት ቀን ሕመሙን ያስታግሳል፣ ከዚያ ነርቩ በጸጥታ መሞቱን ይቀጥላል። ሕመም መጥፋቱ ነርቩ ዳነ ማለት አይደለም። እንዲያውም ምንም ሳያም የሚያደነዝዝ ብግነት አለ፤ ወርኃዊው ምርመራ የሚያስፈልገው በተለይ ለእርሱ ነው።

በሁለተኛው ሳምንት ሕመሙ ለቀቀኝ፤ ሌሊት ተኛሁ። በዘጠነኛው ሳምንት ፊቴ ክብ ሆነ፤ ተማሪዎቼ ሲያፈጡብኝ አፈርኩና በራሴ ፈቃድ ሁለት ፍሬ ብቻ መዋጥ ጀመርኩ። አምስት ቀን አልሞላም፣ ክርኔ እንደገና ጋለ። በባለሙያ ትእዛዝ ወደ ነበረበት መጠን ተመለስኩ፤ ሁለት ሳምንት ከሰርኩ። የፊት ማበጥ መድኃኒቱ ሲያልቅ ይጠፋል። ከሳምንታት በላይ ከወሰዳችሁት በኋላ ድንገት ማቆም ደግሞ ከነርቩም አልፎ ለሕይወት ያሰጋል፤ ሰውነት ኮርቲሶል የተባለውን የራሱን ሆርሞን መሥራት አቁሞ ስለሚቆይ ግፊት ይወርዳል፣ ሰው ይዝላል፣ ራሱንም ሊስት ይችላል። ጉዞ ካለባችሁ መድኃኒቱን በእጅ ቦርሳ ያዙ። የጨው መጠን ቀንሱ። ዓይናችሁ ከቀላና ካመማችሁ ወይም ትኩሳት ያለበት የሚያም እባጭ በቆዳ ላይ ከወጣ፣ ያ ሌላ ዓይነት ሪአክሽን ስለሆነ ቀጠሮ ሳትጠብቁ ሂዱ።

ዐቢይ ጾም መድኃኒቱ መካከል ገባ። ስምንት ፍሬ ፕሬድኒሶሎን በባዶ ሆድ ጨጓራን ያቆስላል፤ አመሻሽ ላይ ቢወሰድ ደግሞ እንቅልፍ ይነሳል። ንስሐ አባቴን ሳማክራቸው «ሕመምተኛ ጾም የለበትም፣ ቁርስህን በልተህ ዋጥ» አሉኝ። እናንተም ሳትደብቁ ጠይቁ። ጠበልም ቢሆን እንዲሁ ነው። ጻድቃኔ ማርያም ሄዶ መጠመቅና መድኃኒት መዋጥ አይጣሉም፤ መድኃኒቱን ቤት ትቶ መሄድ ግን ያጣላል። የእግራችሁ ስሜት የቀነሰ ከሆነ እዚያ ባዶ እግራችሁን ድንጋይ ላይ አትመላለሱ።

ብግነቱ እስኪበርድ ክንድን ማሳረፍ ግድ ነው። ቀን ቀን ክንዴን በነጠላ አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ነበር፤ ሌሊት ክርኔ ከመጠን በላይ እንዳይታጠፍ ለስላሳ ልብስ ጠቅልዬ በማጠፊያው በኩል አስሬበት ተኛሁ። ክርንን ጠረጴዛ ላይ አለመደገፍ፣ ከባድ አለማንሳት። ሕመሙ ከለቀቀ በኋላ እንቅስቃሴ ይጀመራል፦ እጅን ለብ ባለ ውሃ ነክሮ፣ ዘይት ወይም ቫዝሊን ቀብቶ፣ መዳፍን ጭን ላይ ዘርግቶ በሌላው እጅ የታጠፉትን ጣቶች ከሥር ወደ ጫፍ ቀስ ብሎ ማቅናት፣ አሥር ጊዜ፣ በቀን ሦስቴ። ይህ የታጠፈው መገጣጠሚያ እንዳይደርቅ ነው። ነርቩ በኋላ ቢመለስ እንኳ የደረቀ መገጣጠሚያ አይታዘዝለትም።

ማገገም ስንት ጊዜ እንደሚወስድ ሁሉም ይጠይቀኛል። መልሱ ሽዋን ሴሎቹ ላይ ነው። የተፈታው ማይሊን ብቻ ሆኖ ክሩ ከተረፈ፣ ሽዋን ሴሎች ከሳምንታት እስከ ጥቂት ወራት ውስጥ እንደገና ይጠቀልሉታል፤ አዲሱ ጥቅል ከበፊቱ ቀጭንና አጭር ቢሆንም መልእክት ያስኬዳል። ክሩ ራሱ ከተቆረጠ ደግሞ ሽዋን ሴሎቹ የቀድሞ ሥራቸውን ጥለው የፈራረሰውን ማይሊን ያጸዳሉ፣ ተሰልፈውም ለሚያድገው ክር መንገድ ይሆኑታል። ክሩ በቀን አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው የሚያድገው። ከክርን እስከ መዳፍ ጡንቻ 30 ሴንቲ ሜትር ብትሉ 300 ቀን ነው። የእኔ የመዳፍ ስሜት በሦስተኛው ወር ተመለሰ፤ ትንሿ ጣት ለመጠንከር ዓመት ፈጀች፣ አሁንም ሙሉ አይደለችም። ያቺ የቀረች ድካም ሰባቱ ሳምንታት ያስከፈሉኝ ይመስለኛል።

ስሜት እስኪመለስ ያለው ጊዜ ነው ጣት የሚያሳጣው። ሥጋ ደዌ ጣት አይቆርጥም፤ ያልተሰማ ቃጠሎና ቁስል ነው የሚቆርጠው። እንጀራ የምትጋግር እናት ምጣዱን ያለ ጨርቅ አትንካ፣ አክንባሎውንም በእጀታ ታንሳ። የቡናውን ስኒ ጤነኛው እጅ ይያዝ። የማጭዱና የእርፉ እጀታ በጨርቅ ይጠቅለል፣ ማታ መዳፉ በብርሃን ይታይ። በደጋው ብርድ ምድጃ ዳር መተኛት ይቅር። አይጥ ያለበት ቤት የደነዘዘ ጣት ተሸፍኖ ይደር። ለእግር ደግሞ በየቀኑ 20 ደቂቃ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ነክሮ፣ የጠነከረውን ቆዳ በሻካራ ድንጋይ ፈግፍጎ፣ ሳይደርቅ ቫዝሊን መቀባት ነው። በበረባሶ ላይ ያለው ምስማር ወደ ውስጥ ሲወጣ የደነዘዘ እግር አያውቀውም፤ ውስጡ ለስላሳ፣ ሥሩ ጠንካራ፣ የተሰፋ ወይም የተጣበቀ ጫማ ምረጡ፣ ሳታራግፉም አታጥልቁ።

በየወሩ ቤት ውስጥ የምናደርገውን ልንገራችሁ። ባለቤቴ እስክሪብቶ ይዛ መዳፌንና ውስጥ እግሬን ትነካለች፣ ዓይኔን ጨፍኜ እጠቁማለሁ። ከዚያ ዓይኔን እንደ እንቅልፍ እከድናለሁ፣ ክፍተት ካለ ታያለች። ትንሿን ጣት ወደ ጎን፣ አውራ ጣትን ወደ ላይ፣ አንጓን ወደ ላይ፣ እግርን ወደ ላይ፤ እያንዳንዱን ትጫናለች። ጠንካራ፣ ደካማ፣ ሽባ ብላ ደብተር ላይ ትጽፋለች። ከባለፈው ወር የተለየ ነገር ካለ ያን ሳምንት እንሄዳለን። የ12 ወሩን መድኃኒት ከጨረስኩም በኋላ አላቆምንም፤ የሞተው ባክቴሪያ ስብርባሪ ነርቭ ውስጥ ስለሚቆይ ሪአክሽን ከዓመታት በኋላም ይመጣል። አብረውን የሚኖሩትም ሁሉ ቆዳቸው እንዲታይ አድርገናል።

ጤና ጣቢያ ስትደርሱ «እጄን ያመኛል» ብቻ አትበሉ፤ የሕመም ማስታገሻ ተሰጥቷችሁ ልትመለሱ ትችላላችሁ። «የሥጋ ደዌ መድኃኒት እወስዳለሁ» ወይም «ወስጄ ጨርሻለሁ፤ ከዚህ ቀን ጀምሮ ይህ ጣት ደክሟል፣ እዚህ ቦታ አይሰማኝም» በሉ፣ ካርዱን አሳዩ፣ የጡንቻና የስሜት ምርመራ እንዲደረግላችሁ በስሙ ጠይቁ። እዚያ የማይሠራ ከሆነ ወደ ደብረ ብርሃን ወይም አዲስ አበባ ዘነበወርቅ ወዳለው አለርት ሆስፒታል የሪፈር ወረቀት ያዙ፤ ድካሙ የጀመረበት ቀን ወረቀቱ ላይ መጻፉን ሳታዩ አትውጡ።